የከበሮውን በሬ ማን አረደው?

አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሙዚቃ ዕቃ ጠግኛለሁ። ጊታር፣ አኮርዲዮን፣ ሳክስፎን፣ ጥርሱ የረገፈ ኪቦርድ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ስማቸው የታወቀ ሰዎች «ዛሬ መድረክ አለብኝ፣ አድነኝ» እያሉ ደጄ ላይ ቆመው ለምነውኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ነገር ግን ደባርቅ ተመልሼ ሱቅ ስከፍት ምን የሚያህል ኩራት ተሸክሜ እንደገባሁ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ለሰው ሁሉ «የተመለስኩት ለእናቴ ብዬ ነው» እል ነበር። እውነቱን ለመናገር የተከራየሁት ቤት ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። ሌላ ቤት ስፈልግ ደግሞ ዘፋኙ ከነባንዱ አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተር ክር አይበጠስበትም፣ ቆዳ አይቀደድበትም። መፍቻና ሙጫዬን በሁለት ሣጥን አስጭኜ ወደ ተወለድኩበት ብርድ ተመለስኩ። ጊዜው ሞባይል በኛ አገር ገና ኮረብታ ላይ ወጥተው እጅ ሰቅለው የሚፈልጉት ነገር የነበረበት ዘመን ነው።

እናቴ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል አስለቅቃ ሰጠችኝ። «የሙዚቃ ዕቃ ጥገና» ብዬ በደማቅ ቀለም ጻፍኩና ሰቀልኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የመጡልኝን ዕቃዎች አስታውሳለሁ፤ አራት ራዲዮ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ የከሰል ካውያና የበቅሎ ኮርቻ። ኮርቻውን ያመጣው ሰውዬ «ቆዳ ነው፣ ክር አለው፣ ሲሄድም ይጮኻል፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ብሎ ተከራከረኝ። አንድ የተራራ አስጎብኚ ቱሪስት ትቶለት የሄደውን ጊታር ይዞ መጣና ደስ አለኝ። ሦስት ክር ብቻ ነበር የቀረው። የጎደሉትን ልጨምርልህ ስለው «ተው፣ ሦስቱንም ገና አላወቅኋቸውም» ብሎ ከለከለኝና የላላ አንገቱን ብቻ እንድጠግን ትቶልኝ ሄደ። ከዳባት የመጣ አዝማሪ ደግሞ መሰንቆውን ከብብቱ ሳያወጣ ሱቄን ዞሮ ዞሮ አየ።

«አንተ ስንት ክር ያለውን ነው የምትጠግነው?» አለኝ።

«የፈለገውን። ስድስትም ቢሆን።»

«የኔ አንድ ነው። እሱን ራሴ እችለዋለሁ» ብሎ ሄደ።

የአዲስ አበባ ዝናዬ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሥራ ስለሌለኝ ደጅ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። እናቴ ይህን ስታይ ትታመማለች። «አንተ ልጅ፣ በሩን ዘግተህ ውስጥ ተኛ። እኔ ለሰው 'ሥራ በዝቶበታል' እያልኩ ነው፤ ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ እንደ ድመት ደጅ ላይ አይዘረጋም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ።

በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ መልእክት መጣልኝ። አንድ ጊዜ መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩት ሰው ትልቅ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ከፍቷል። «ተቀጥረህ ሥራልኝ፤ እስከ ጥምቀት ካልመጣህ ግን ሌላ ሰው እይዛለሁ» ይላል። እኔ ያስተማርኩት ሰው ሊቀጥረኝ! ደብዳቤውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ግን አልቀደድኩትም። እስከ ጥምቀት ሥራ ካላገኘሁ እናቴን ትቼ፣ ኩራቴን ውጬ መሄዴ ነው።

ኅዳር ሲጋመስ የደብራችን ትልቁ ከበሮ ተቀደደ። በሰንበት ማኅሌት ላይ ዲያቆኑ ሲመታው ሰፊው አፉ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ ተባለ። ቀድሞ ከበሮ ይለብዱ የነበሩት አባት ካረፉ ቆይተዋል። የደብሩን ዕቃ የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ጎንደር እንላከው ሲሉ፣ የዜማ መምህሩ መሪጌታ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ። ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ምን ይሠራል?» አሉ። መሪጌታ ዓይናቸው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ውስጥ ገብቼ መተኛቴን አላዩም፤ እናቴ ስታወራ የሰሙትን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ቄሰ ገበዝ ሱቄን ሊያዩ መጡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ ሦስት ክር ጊታር ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ከበሮው ከዚህ ጋር አያድርም» አሉ።

«አባ፣ እሱኮ ድምፅ እንኳ የለውም።»

«እሱ የለውም፤ ሐሳብ ግን አለው።»

ዕቃዬን ተሸክሜ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ደባርቅ ገበያ ያገኘሁት ቆዳ ሁሉ ስስ ስለነበር ዳባት ወርጄ ከአንድ ቆዳ ነጋዴ ወፍራም የበሬ ቆዳ መርጬ አመጣሁ። ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ ጠጉሩን ፋቅኩት፣ ወጥሬ ለበድኩት፣ በጠፍር ጠፈርኩት። በኛ ብርድ ወፍራም ቆዳ ቶሎ አይደርቅም። ጧት ጧት ወደ ፀሐይ አወጣዋለሁ፣ ማታ አስገባዋለሁ፤ እናቴ «እኔን እንኳ እንዲህ አድርገህ ፀሐይ አላሞቅከኝም» እስክትል ድረስ። መሪጌታ በየቀኑ መጥተው በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉትና «ገና ጥሬ ነው» ብለው ይሄዳሉ። በገና ማግሥት ቆርቆር አደረጉትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ደግመው መቱት። ቀጥሎ በሙሉ መዳፋቸው መቱት፤ መናኸሪያው ጋ የቆሙ ሰዎች ዞረው ሲመለከቱ በዓይኔ አየሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ከእጄ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም።

«እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉኝ። ያን ዕለት ፀሐይ የሞቅሁት ያላንዳች ኀፍረት ነው።

ከበሮውን ለመረከብ ካህናቱ ተሰበሰቡ። ቄሰ ገበዝ ዙሪያውን ዞሩት፣ ጠፍሩን ቆጠሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም ነው። እግዜር ይስጥልን። በሬውን ማን አረደው?»

«የቱን በሬ?»

«ይኸን» ብለው ከበሮውን መታ መታ አደረጉት።

«አባ፣ እኔ የገዛሁት ቆዳ ነው፤ በሬ አልገዛሁም።»

«ቆዳ ብቻውን ገበያ አይወጣም፤ በሬ ነበረው። ዳባት ላይ የኛም የእስላሙም፣ የታረደውም የሞተውም ቆዳ ባንድ ይከመራል። ይኸ በክት ቢሆንስ? ታቦት ፊት ሊመታ ነው? ሰፊው አፍ የመለኮት ምሳሌ፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ጠፍሩ የጌታችን ግርፋት ነው። በዚህ ላይ በክት ሊለበድ?»

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ደሜ ፈላ። «እንግዲህ በሬው የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ልደቱን አልጠየቅንህም። አሟሟቱን ነው» አሉ ቄሰ ገበዝ ረጋ ብለው።

ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ በኔ ላይ ነው። ውሳኔው ይኸ ነበር፤ እስከ ከተራ ዋዜማ በሬው በክርስቲያን እጅ፣ በሥላሴ ስም መታረዱን የሚመሰክር ሰው ካመጣሁ ከበሮው ይወጣል። ካላመጣሁ ከጎረቤት ደብር ትንሽ ከበሮ ይዋሱና የኔው ቆዳ ይገፈፋል። ሌላ ቆዳ ለብዶ ለማድረቅ ጊዜ አልነበረም። ከተማው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ በሚሰበሰብበት ቀን የኔ ከበሮ ቀርቶ የውሰት ከበሮ ሲሰማ፣ «የአዲስ አበባው ባለሙያ በክት ለበደ» የሚለው ወሬ እስከ በየዳ ተራራ ድረስ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጃንጥላም የሚያመጣልኝ አይኖርም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳትና ሣጥኖቼን ማየት ጀመርኩ።

«ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«ልሄድ ነው፣ እማዬ። እንኳን የሰው፣ የበሬ ዘር ቆጥሬ አልኖርም።»

«እኔኮ ለጽዋ ማኅበሬ ሴቶች ሁሉ 'የዘንድሮ ጥምቀት የልጄ ድምፅ ነው' ብያቸዋለሁ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥላም «በሬው ከሰማይ አልወረደ። ሂድ ፈልገው» አለችኝና የመንገድ ቆሎ ቋጠረችልኝ።

በማግሥቱ ሳይፋቅ የተረፈውን የቆዳ ቁራጭ በፌስታል ጠቅልዬ ዳባት ወረድኩ። ነጋዴው ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ነገሩን ስነግራቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«አትናደድ፣ ልጄ። የኛም ሰው ቢሆን ይህንኑ ይጠይቅሃል። የሚበላውንና የሚጸልይበትን ያልጠየቀ ምኑን ሰው ነው?» አሉና ቁራጩን ተቀበሉኝ። ቀይ ጠጉሩን አሻሹት። ዳሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ኮሶዬ!» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ኮሶዬ ላይ አንድ ግራኝ ገፋፊ አለ። የገፈፈው ቆዳ ሁሉ እዚህችው ላይ ይበሳል። ስንቴ ተጣልቼዋለሁ! ቢላዋው የት እንደሚሳሳት ከገዛ ልጆቼ ፊት ይበልጥ አውቀዋለሁ።»

ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮሶዬ ስደርስ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየወጣ መንደሩን ውጦታል። ግራኙን ፈልጉልኝ ስል አውድማ ላይ አገኘሁት። አብረውት ከሚወቁ ስምንት ጎረቤቶቹ ጋር ሆነው ለነቢያት ጾም ቅበላ ቀይ በሬ ቅርጫ ማረዳቸውን አልካዱም። ገደል ዳር እግሩ ተሰብሮ ከአንድ ሽማግሌ የገዙት ነው። ደስ ብሎኝ ልፈነዳ!

«ታዲያ ያረደው ማን ነው? አንተ ነህ?» አልኩት ግራኙን።

«ማረድ በቀኝ ነው። እኔን ለመግፈፍ ብቻ ነው የሚጠሩኝ። ስደርስ በሬው ወድቆ ነበር።»

ያረደው ጎረቤታቸው ለሥራ ወደ ቆላ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ክርስቲያን ነው፣ የቆረበ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው ይላሉ።

«እሺ፣ 'በስመ አብ' ሲል የሰማ ማን ነው? እናንተ ቆማችሁ ነበራ!»

ስምንቱም ተያዩ። ምላሱ ለማን እንደደረሰ ነገሩኝ። ሻኛው ሲከፈል ማን እንዳጭበረበረ ነገሩኝ፤ በዚህ ላይ እንደ አዲስ ተጣሉ። ጉበቱ ገና ትኩስ ሳለ ማን ቀድሞ እጁን እንደሰደደ፣ መደቡ እኩል አይደለም ብሎ ማን ዕጣ እንዳስደገመ፣ ሁሉንም ያስታውሳሉ። አንዱ እንኳ ጸሎቱን አያስታውስም። «ሳይል አይቀርም» አለ አንዱ። «ሳይል አይቀርም» ብዬ ቄሰ ገበዝ ፊት ስቆም ታየኝና ነጭ ሽንብራ የተወቃበት አውድማ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ባለቤቱን ጠይቃቸው። እሳቸው ግን ያን ዕለት አልበሉም» አለኝ ግራኙ፣ አዝኖልኝ መሰለኝ።

ሽማግሌው ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ፌስታሉን ፈትቼ ቁራጩን ሳሳያቸው ተቀብለው ጠጉሩን ወደ ተኛበት ወደ አንድ ወገን ብቻ ዳሰሱት።

«ቦራ ነው» አሉ፣ በሬያቸውን በስሙ ጠርተው።

«አባቴ፣ ሲታረድ 'በስመ አብ' ተብሏል?»

«ቆዳው ምን ሆነ?» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን የሰሙትም አልመሰለኝም። ጋቢያቸውንና ዱላቸውን አነሡ።

«በል ውሰደኝ። እዚያው እናገራለሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ቦራ ያላወሩት ነገር የለም። እንዴት እንደገዙት፣ እንዴት ጥንዱ ሲደክም ቀንበሩን ወደ ራሱ ይስብለት እንደነበር፣ እንዴት በዓመት በዓል ቀን እርሻ ሊያወጡት ቢሉ ከበረት አልነሣም ብሎ እንዳሳፈራቸው። ዳባት ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሯል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «እግዜር ያጽናዎት» አሉ። ሾፌሩም ሙዚቃውን ዘጋ።

የከተራ ዋዜማ ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀመጡ። እናቴ ከማኅበሩ ሴቶች ጋር በር ላይ ቆማለች። ሽማግሌው መስቀል ተሳልመው መሐል ገቡ።

«አባቴ፣ በሬው ሲታረድ ነበሩ?» አሉ ቄሰ ገበዝ።

«ነበርኩ።»

«አይተዋል?»

«አላየሁም።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየሁ።

«እንዴት አላዩም? ነበርኩ አላሉም?»

«ከቤቴ ጀርባ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ያረስኩበትን እንዴት ብዬ ልይ? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ግን ሰማሁ። 'በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ' ሲል ጥርት አድርጌ ሰማሁ። ሌሎቹ ስለ ሥጋው ይጨቃጨቁ ነበር። አሜን ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ቄሰ ገበዝ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራቸው መጠንቀቅ ነው። «የሰማ እንጂ ያየ የለም ማለት ነው። ምስክርነት በዓይን ነው እንጂ በጆሮ...» ብለው ሳይጨርሱ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ይኸ ሰው አላየም ተብሎ ምስክርነቱ ከወደቀ እኔንም ከማኅሌቱ አውጡኝ! ይኸን ደብር ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ አይደል የማየው? ዜማ ሳርማችሁ 'አባ አላዩም' ያለኝ አለ? ደግሞስ ክርክሩ ስለ ከበሮ ነው፤ ስለ ሥዕል ቢሆን ዓይን እንፈልግ ነበር። ለከበሮ ጆሮ ይበቃል!»

ቄሰ ገበዝ መጀመሪያ ፈገግ ላለማለት ታገሉ። በኋላ ተሸነፉና «ይበቃል» አሉ። በሩ ላይ እልልታው ቀለጠ፤ የእናቴን እልልታ ከሁሉም ለይቼ ሰማሁት። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያን ዕለት ወደ አዲስ አበባ «ሌላ ሰው ያዝ» የሚል መልስ ላክሁ።

በማግሥቱ፣ በከተራ፣ ታቦቱ ሲወጣ ሽማግሌው ከጎኔ ነበሩ። እናቴ አሳድራቸው፣ ጋቢያቸውን አጥባ አንጽታላቸው፣ ከፊት አሰልፋቸዋለች። ዲያቆኑ ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ወጣት ነው፣ ጡንቻ አለው፣ አዲስ ከበሮም አግኝቷል። ሰፊውን አፍ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ድምፁ ሜዳውን ሞልቶ ደረታችን ውስጥ ገባ። እኔ ኩራት ሊገድለኝ ነው። ወደ ሽማግሌው ዞር ስል ግን ፊታቸው ተጨማድዶ፣ ትከሻቸው እንደተመታ ሰው ወደ ላይ ተሰብስቧል። ሁለተኛው ምት ሲያርፍ አልቻሉም፤ ሕዝቡን ጥሰው ወጡ።

«ኧረ ቀስ! ቀስ በል አንተ!» ብለው ዲያቆኑ ፊት ቆሙ። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሳርስበት አንድ ቀን እንዲህ አድርጌ መትቼው አላውቅም!»

መዘምራኑ አቆሙ። መሪጌታ ድምፁ ወደመጣበት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና «እውነታቸውን ነው፤ አለዝበው» አሉ ለዲያቆኑ። ዲያቆኑም መዳፉን አላልቶ፣ ሽማግሌውን በዓይኑ እየጠየቀ፣ ቀስ አድርጎ መታው። የዚያ ዓመት ታቦታችን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የወረደው ከወትሮው በጣም ዝግ ብሎ ነው።